ዐውሎ ነፋስን ከሩቅ የሚጠብቁ

ዘመነ ክረምት ገብቶ፣ የጎጃምና የጎንደር፣ የወሎና የሸዋ ሰማይ በደመና ተሸፍኖ፣ የነጐድጓዱ ድምፅ ከጋራ ወደ ጋራ ሲያስተጋባ፣ ከኢትዮጵያ ምድር ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደው የዓባይ ውሃ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ዓባይ ወደ ሰሜን በሚወርድበት በዚያው ወራት፣ ዐይን የማያየው ሌላ ጉዞ ወደ ምዕራብ ይጀመራል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍታዎች ላይ የተነሣ የአየር ሁከት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚነፍሰው ጽኑ ነፋስ ላይ ተሳፍሮ፣ ሱዳንንና ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን ተሻግሮ፣ በሴኔጋል ዳርቻ በኩል ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ይህን ሁከት «የአፍሪካ ምሥራቃዊ ሞገድ» ብለው ይጠሩታል፤ አካሄዱም በገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ ነፋስ ሲመታው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጠውን እጥፋት ይመስላል። በየዓመቱ 60 ያህል እንዲህ ያሉ ሞገዶች ከአፍሪካ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ የሚበዙት ጥቂት ዝናም አውርደው ይበተናሉ፤ የቀሩት ጥቂቶች ግን ውቅያኖሱ ላይ ኀይል ገዝተው ከተማ የሚያፈርስ ዐውሎ ነፋስ ይሆናሉ። በአትላንቲክ ላይ ከሚነሡት እጅግ ብርቱ ሃሪኬኖች መካከል ከመቶ 85 ያህሉ የትውልድ ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከእነዚሁ ሞገዶች ነው።

ይህን ስል ሞገዶቹ ሁሉ በእኛ ተራራዎች ላይ ይወለዳሉ ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ በሱዳን በዳርፉር ከፍታዎችና ከዚያም ወዲያ ባለው ምድር ላይ የሚነሡ ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 ኦገስት ውስጥ በአትላንቲክ ላይ ተነሥቶ ለብዙ ቀናት የዞረውን «አልቤርቶ» የተባለውን ሃሪኬን ምንጩን ወደ ኋላ የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ፍለጋውን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ጁላይ ሊያልቅ ሲል ተሰብስቦ ከነበረ የነጐድጓድ ደመና ላይ አድርሰውታል። በአንድ ሌሊት በደጋው ላይ የዘነበው ደመና በሺሕ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቆ መርከበኞችን ያስጨነቀ ዐውሎ አባት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የአትላንቲክ የሃሪኬን ወራት ጁን 1 ቀን ተጀምሮ ኖቬምበር 30 ቀን ያበቃል፤ በእኛ አቈጣጠር ከግንቦት 24 ቀን ጀምሮ፣ ብዙውን ጊዜ የኅዳር ጽዮን በዓል እስከሚውልበት እስከ ኅዳር 21 ቀን ድረስ መሆኑ ነው። ከፍተኛው ጫፍ የሚባለው ሴፕቴምበር 10 ቀን ሲሆን፣ ይህም ከእንቍጣጣሽ ዋዜማ ጋር ይገጥማል። እኛ ክረምቱ አልፎ ዐደይ አበባ ሲፈነዳ ደስ በሚለን ሰሞን፣ የካሪቢያን ደሴቶችና የአሜሪካ ደቡባዊ ዳርቻ ነዋሪዎች ዐይናቸውን ወደ ምሥራቅ ተክለው በሥጋት የሚጠባበቁበት ጊዜ ነው። ፀሓይ ባሕሩን ለማሞቅ ብዙ ወራት የሚያስፈልጋት ስለ ሆነ፣ ውሃው ሙቀቱን የሚጠግበው በጋቸው ካለፈ በኋላ ነው።

ዐውሎው እንዲወለድ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መገጣጠም አለበት። ባሕሩ ቢያንስ 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መሞቅ አለበት፤ ሙቀቱም በገጹ ላይ ብቻ ሳይቀር እስከ 50 ሜትር ያህል ወደ ጥልቁ የዘለቀ መሆን ይገባዋል፤ አለዚያ ነፋሱ ራሱ ቀዝቃዛውን ውሃ ከታች አማስሎ ያወጣና ሞተሩን ያጠፋዋል። ከዚህ ሞቃት ባሕር የሚነሣው ተን ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ሲለወጥም ባሕሩ ያስያዘውን ሙቀት ለአየሩ መልሶ ያስረክባል። የሞቀው አየር ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከበታቹ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ የጐደለውን ለመሙላት ከዙሪያው ነፋስ ይጐርፋል፤ የጐረፈውም ነፋስ በባሕሩ ላይ ሲሮጥ ሌላ ተን ይዞ ይመጣል፤ እንዲህ እያለ ዐውሎው ራሱን በራሱ ይመግባል። ምድር በዛቢያዋ ላይ ስለምትሽከረከር የሚጐርፈው ነፋስ በቀጥታ መግባት አይችልም፤ በሰሜናዊው የምድር ክፍል ወደ ቀኝ እየታጠፈ፣ ከሰዓት እጅ አዟዟር በተቃራኒው ይዞራል። ይህ የማጠፍ ኀይል በምድር ወገብ አጠገብ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ኬክሮስ ያህል ሳይርቁ ዐውሎ ነፋስ ሲወለድ እምብዛም አይታይም። በላይኛውና በታችኛው ሰማይ የሚነፍሰው ነፋስ በፍጥነትም ሆነ በአቅጣጫ በጣም ከተለያየም፣ ገና የቆመውን የደመና ዐምድ አንገቱን ቈርጦ ይጥለዋል፤ ከሰሐራ የሚመጣው ደረቅና አቧራማ አየርም እንዲሁ ያንቀዋል። የሚወለደው ጥቂት፣ የሚጨነግፈው ብዙ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሽክርክሪቱ ጸንቶ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ስም ይወጣለታል፤ 119 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሃሪኬን ይባላል፤ በምዕራብ ፓሲፊክ ታይፎን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን የሚባለውም ይኸው አንዱ ፍጥረት ነው። በብርቱው ሃሪኬን ማእከል ዐይን የሚባል፣ ወርዱ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 65 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ጸጥታ የሰፈነበት ክበብ አለ። በዙሪያው የቆመው የደመና ግድግዳ ግን ከሁሉ የከፋው ነፋስ የሚገኝበት ነው። ዐይኑ በላያቸው ሲያልፍ መከራው ያለቀ መስሏቸው ከመጠለያ የወጡ ሰዎች፣ ጥቂት ቈይቶ ከተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣው ሁለተኛው ነፋስ በሜዳ ላይ ይዟቸው ነፍሳቸው አልፋለች።

ይህን ጠባይ ሰው ያወቀው ሳተላይት ከመኖሩ ብዙ አስቀድሞ ነው፤ ከቀደሙት ጠቢባን መካከልም በልዩ ክብር ሊታወስ የሚገባው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበሩት ስፔናዊው አባ ቤኒቶ ቪኜስ ናቸው። አባ ቪኜስ በ1870 ወደ ኩባ መጥተው በሃቫና የቤሌን ኮሌጅ የሰማይ መመልከቻ አለቃ ሆኑ። ባሮሜትራቸውን በየቀኑ ያነባሉ፤ የደመናውን አካሄድ ከታች እስከ ላይ በየንብርብሩ ለይተው ይመዘግባሉ፤ ዐውሎ ባለፈ ቍጥርም ደሴቱን ዞረው ዛፉ በየት አቅጣጫ እንደ ወደቀ፣ ውሃው እስከ የት እንደ ደረሰ ይመረምራሉ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ፣ እጅግ ከፍ ብለው የሚታዩት ቀጫጭን ነጫጭ ደመናዎች ከዐውሎው ማእከል እንደ ጨረር እየተዘረጉ እንደሚወጡ፣ እነርሱንም በማስተዋል ገና በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ዐውሎ በየት በኩል እንዳለ መናገር እንደሚቻል ደረሱበት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1875፣ ይኸውም በእኛ መስከረም 1 ቀን 1868 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያውን የሃሪኬን ማስጠንቀቂያ በጋዜጣ አወጡ። ቀጥሎም በየደሴቱ ታዛቢዎችን አቁመው ወሬው በቴሌግራፍ እንዲደርሳቸው አደረጉ። በ1893 ሲያርፉ ሥራቸውን የሚቀጥሉ ደቀ መዛሙርት ትተው ነበር።

እነዚህ ደቀ መዛሙርት በ1900 የደረሰባቸውን ነገር ሳስብ ዛሬም ያሳዝነኛል። ኩባ በዚያን ጊዜ ከስፔን እጅ ወጥታ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሹማምንትም የኩባ ሰዎች ትንበያ ሕዝብን በከንቱ ያስደነግጣል ብለው፣ የቤሌን ሊቃውንት ስለ ዐውሎ የሚልኩት ወሬ በመንግሥት ቴሌግራፍ እንዳይተላለፍ አስከለከሉ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ አንድ ዐውሎ ኩባን አልፎ ሲሄድ፣ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ በፍሎሪዳ በኩል ይወጣል አለ፤ የኩባ ሊቃውንት ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ወደ ቴክሳስ እያቀና ነው አሉ። ቴክሳስ አልሰማቸውም። ሴፕቴምበር 8 ቀን ዐውሎው ጋልቬስተን በተባለችው የደሴት ከተማ ላይ ወጣ፤ የከተማዪቱ ምድር ከፍ ባለበት ስፍራ እንኳ ከባሕር ወለል ሦስት ሜትር አይሞላም ነበር፤ ባሕሩም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ሸፈናት። 8 ሺሕ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ ቍጥሩን ወደ 12 ሺሕ የሚያደርሱትም አሉ። በአሜሪካ ታሪክ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ይህን ያህል ሕይወት የቀጠፈ የተፈጥሮ መቅሠፍት የለም። የከተማዪቱ የአየር ጠባይ ሹም አይዛክ ክላይን፣ ጋልቬስተንን ከባሕር የሚጠብቅ ግድግዳ አያስፈልጋትም ብሎ በ1891 በጋዜጣ ጽፎ የነበረ ሰው ነው፤ በዚያች ሌሊት ባለቤቱ በውሃው ሞታበታለች። ግድግዳው የተሠራው ከጥፋቱ በኋላ ነው። እውቀት ሳይኖር የሚመጣ ጥፋት ያሳዝናል፤ እውቀት ኖሮ በር የተዘጋበት ጥፋት ግን ከሐዘን በላይ በደል ነው።

ከ43 ዓመት በኋላም ይህ በደል በሌላ መልክ ተደገመ። በ1943 ጁላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ወሬውን እንዳይሰሙ ተብሎ መርከቦች በራዲዮ እንዳይናገሩ ታግደው፣ ትንበያውም በቍጥጥር ሥር ሆኖ ሳለ፣ አንድ ሃሪኬን በዚያው በጋልቬስተን አካባቢ ሳይታሰብ ደርሶ 19 ሰዎች ሞቱ። ሆኖም ጁላይ 27 ቀን፣ በዚያው ዐውሎ ላይ፣ የጥናቱን ታሪክ የለወጠ ሥራ ተሠራ። በቴክሳስ የአውሮፕላን አብራሪዎች አስተማሪ የነበረው ኮሎኔል ጆሴፍ ዳክዎርዝ፣ መንገድ መሪውን ራልፍ ኦሄርን ይዞ፣ ባለ አንድ ሞተር በሆነች የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከብራያን ተነሥቶ ወደ ዐውሎው ልብ ገባ፤ ዐይኑንም አይቶ በደኅና ተመለሰ። ሲመለስ የአየር ጠባይ መኰንኑ እኔም ልይ ስላለው እርሱን አሳፍሮ በዚያው ቀን ዳግመኛ ገባ። ከዚያ በፊት ሆነ ተብሎ አውሮፕላን ወደ ሃሪኬን ገብቶ አያውቅም።

ዛሬ ይህ መደበኛ ሥራ ሆኗል። በሚሲሲፒ ግዛት በቢሎክሲ ከተማ ከሚገኘው የኪስለር የአየር ኀይል ጣቢያ የሚነሡት የ53ኛው ቡድን አውሮፕላኖች፣ እንዲሁም ከፍሎሪዳ የሚነሡት የሲቪሉ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት አውሮፕላኖች፣ ብዙ ጊዜ በ3 ሺሕ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ዐይኑን ከወዲያ ወዲህ ደጋግመው ያቋርጡታል። በሚያልፉበትም መንገድ ላይ ጃንጥላ ያለው ቀጭን ሲሊንደር መሣሪያ ይጥላሉ፤ መሣሪያውም ወደ ባሕሩ እስኪወድቅ ድረስ የአየሩን ግፊት፣ ሙቀት፣ እርጥበትና የነፋሱን ፍጥነት እየለካ በራዲዮ ወደ አውሮፕላኑ ይልካል። ከባሕር ጋር እስኪገናኝ ያለው ዕድሜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ዕድሜው የሚሰጠው ቍጥር ግን ማንኛውም ሳተላይት ከላይ ሆኖ ሊሰጠው የማይችል ነው።

ሳተላይት ደግሞ በበኩሉ አውሮፕላን ሊደርስበት በማይችለው ሰፊ ባሕር ላይ ዐይን ሆኗል። ቲሮስ 1 የተባለው የመጀመሪያው የአየር ጠባይ ሳተላይት አፕሪል 1 ቀን 1960 ወደ ጠፈር ከወጣ ወዲህ፣ ማንም ሳያየው ወደ ባሕር ዳርቻ የሚደርስ ዐውሎ የለም ማለት ይቻላል። በ1970ዎቹ ቨርነን ድቮራክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ የደመናውን ቅርጽ ብቻ በመመልከት፣ ይኸውም እንዴት እንደ ተጠቀለለና ዐይኑ ምን ያህል ጠርቶ እንደሚታይ በመመዘን፣ የነፋሱን ብርታት የሚገምት ዘዴ አበጀ፤ ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

ከአውሮፕላኑ፣ ከሳተላይቱ፣ ከራዳሩ፣ ከመርከቡና በባሕር ላይ ከሚንሳፈፈው መለኪያ የሚገኘው ወሬ ሁሉ ተጠቃሎ ወደ ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ይገባል፤ ውጤቱንም በማያሚ የሚገኘው ብሔራዊ የሃሪኬን ማእከል መርምሮ በየ6 ሰዓቱ መግለጫ ያወጣል። በ1990 ገደማ፣ ዐውሎው ከሦስት ቀን በኋላ የት ይደርሳል የሚለው ትንበያ በአማካይ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይስት ነበር፤ ዛሬ ስሕተቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በታች ወርዷል። በካርታው ላይ ከጫፉ ጠብቦ ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄደው ነጭ ቅርጽ የሚያሳየው ይህን የስሕተት መጠን ነው። ብዙ ሰው የዐውሎውን ስፋት የሚያሳይ እየመሰለው፣ ቤቴ ከነጩ ውጪ ስለ ሆነ አይነካኝም ይላል፤ ነጩ ግን የሚናገረው ማእከሉ በየት ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል ከነጩ ውጪ ይወጣል። ነፋሱ፣ ዝናሙና የባሕሩ ሙላት ከማእከሉ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቀው ሊደርሱ ይችላሉ።

በዚህ ላይ ሌላ የከፋ አለመረዳት አለ። ሄርበርት ሳፊርና ሮበርት ሲምፕሰን ያወጡት፣ ከ1 እስከ 5 ያለው የሃሪኬን ደረጃ የሚለካው ነፋስን ብቻ ሲሆን፣ በብዛት የሚገድለው ግን ውሃ ነው። ነፋሱ እየገፋ በየብስ ላይ የሚያወጣው የባሕር ሙላትና ከሰማይ የሚወርደው ዝናም በደረጃው ቍጥር ውስጥ አይታዩም። በኦገስት 2017 ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን ወደ ቴክሳስ ከገባ በኋላ ነፋሱ ደክሞ ደረጃው ወርዶ ሳለ፣ ከአንድ አካባቢ ሳይነቃነቅ ቀናት ቈይቶ በአንዳንድ ስፍራ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም አወረደ፤ አዲስ አበባ በሙሉ ዓመት የምታገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሂዩስተን በውሃ ተጥለቀለቀች። በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የተባለው ሃሪኬን በፍሎሪዳ ገብቶ፣ ከባሕር በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቀው ባሉት በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ላይ ወንዞችን አስሞልቶ መንደር ጠራረገ፤ የሞተውም ሰው በጠቅላላው ከ200 በላይ ነው። በተራራ ላይ የሚኖር ሰው ሃሪኬን ይገድለኛል ብሎ እንዴት ያስብ!

የትንበያው ጥበብም ገና የማይደርስበት አለ። ዐውሎው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ቀሎ፣ ምን ያህል እንደሚበረታ ማወቅ ግን ከባድ ሆኖ ይኖራል። በኦክቶበር 2023 ኦቲስ የተባለው ዐውሎ በፓሲፊክ ላይ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ከተራ ዐውሎነት ወደ አምስተኛው ደረጃ ዘልሎ የሜክሲኮን አካፑልኮ ከተማ በሌሊት መታ፤ ኮምፒዩተሮቹ ይህን አላዩትም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለችው ሃሪኬን ኒው ኦርሊንስን ከማጥፋቷ በፊት ትንበያው መልካም ነበር፤ የሃሪኬን ማእከሉ የያኔው አለቃ ማክስ ሜይፊልድ ራሳቸው ለሹማምንት ስልክ እየደወሉ አስጠንቅቀዋል። መኪና ያለው ወጣ፤ ድኻው፣ ሽማግሌውና በሽተኛው ቀረ፤ የውሃ መከላከያው ግድግዳ ሲፈርስም ከከተማዪቱ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል በውሃ ተዋጠ። ከ1,300 በላይ ሕዝብ አልቋል። ስለዚህ ትንበያ ብቻውን አያድንም፤ መጓጓዣ፣ መጠለያና ለደካማው የሚያስብ አስተዳደር ያስፈልገዋል።

ለእኛም ነገሩ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2015 በፓሲፊክ የበረታው፣ ኤል ኒኞ የተባለው የባሕር መሞቅ፣ በአትላንቲክ ላይ ነፋሱን አዛብቶ ሃሪኬኖችን ሲያሳንስ፣ በእኛ አገር ክረምቱን አስቀርቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለእርዳታ ዳርጓል። በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ይዞ መጥቶ በሶማሌላንድ ወጣ፤ ዝናሙም እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደረሰ። በዚያው ወር መኩኑ፣ በኦክቶበርም ሉባን የተባሉት ሳይክሎኖች በደቡብ ዐረቢያ በረሓ ላይ ያወረዱት ዝናም አንበጣውን አራባው፤ ትውልድ እየተካ የመጣው መንጋም በ2019 እና በ2020 የገበሬዎቻችንን ማሳ በልቷል። በዐረብ ባሕር ላይ የተነሣ ዐውሎ በሐረርጌና በወሎ ማሽላ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ ለማየት፣ የሰማዩን ነገር የሚጠብቁ ባለሙያዎቻችን መሣሪያም ሰሚም እንዳያጡ ማድረግ ይገባል።

በሂዩስተን፣ በማያሚ፣ በታምፓ፣ በአትላንታና በካሮላይና፣ እንዲሁም በዖማን በሰላላ ዳርቻ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ወራቱ ከመግባቱ በፊት የምትኖሩበት ሰፈር በየትኛው የመልቀቂያ ክልል እንደሚቈጠር ጠይቁ፤ ማስጠንቀቂያው የሚነገርበትን ቋንቋ ለማያውቁ እናቶችና አባቶች በአማርኛ አስረዱ፤ መኪና የሌለውን ጎረቤት ከወዲሁ ቍጠሩት፤ በጐርፍ በተሸፈነ መንገድ ላይ አትንዱ፤ ልቀቁ በተባላችሁም ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ ቢታያችሁ እንኳ ልቀቁ።